ከኮፈኑ ጀርባ

ቁልፉን አዞርኩ፤ ቀጭ አለች እንጂ አልተነሳችም። ደገምኩ፤ አሁንም ቀጭ። የአባቴ አሮጌ ፒክአፕ በቾ ቦሬ ሰፈር ባለው ግቢያችን ውስጥ ዓመት ሙሉ ቆማ ከርማ ያወጣችው ድምፅ ይኸው ብቻ ነው። ደግሞ ቀጭ ማለት ያስፈራል እንዴ ትሉኝ ይሆናል። እኔን ያስፈራኛል።

በማግስቱ የአባቴ ሙት ዓመት ነበር። የተቀበረው ከከተማው ወጣ ብሎ ሰቃ፣ የተወለደበት ነው፤ እዚያው ሄደን ልናስበው ነው። እናቴ ደግሞ "በሱ መኪና ካልሆነ ንቅንቅ አልልም" ብላ ድርቅ አለች። እሷ አንዴ ካለች አለቀ። ባትሪውን ወስጄ ቻርጅ አስደረግሁና እዚሁ ከተማችን መርካቶ አካባቢ የሚሠራ አንድ ጎልማሳ መካኒክ ይዤ መጣሁ።

አባቴ በሕይወት ሳለም ይቺ መኪና ያለ ሁለት ሰው ተነስታ አታውቅም። እኔ ወንበሩ ላይ ቁልፍ ይዤ እቀመጣለሁ። እሱ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሪኖውን፣ ያን ሞተሩን የሚቀሰቅሰውን ዕቃ፣ በብረት መታ መታ ያደርገዋል። ኮፈኑ ከተነሳ ፊት ለፊቴ ምንም አይታየኝም። "በይ!" ሲለኝ አዞራለሁ፤ ትነሳለች። ስንት ዓመት እንዲህ እየተባለ ሥራ ገባሁ! "አባዬ፣ ኧረ ይሄን ሞተሪኖ ቀይረው" ስለው "ሲመቱት የሚሠራ ነገር ምን ሊሆን ይቀየራል?" ይለኛል።

አንድ ጠዋት ግን ምላሴን አላስቻለኝም። "አንተ መኪና ሳይሆን አህያ ነው የያዝከው፤ ካልመቱት የማይሄድ" አልኩት። አኮረፈ። አባቴ ሲያኮርፍ ልክ የለውም፣ እኔም የሱው ልጅ ነኝ። ሦስት ቀን ቃል አልተለዋወጥንም። ይሁን እንጂ ጠዋት ጠዋት ኮፈኑን መክፈቱን አልተወም። "በይ" በማለት ፋንታ በብረቱ ኮፈኑን ሁለቴ ኳ ኳ ያደርግልኛል። አኩርፎኝም አንድ ቀን ሥራ አላስረፈደኝም።

በአራተኛው ቀን ሞተሪኖውን ሲመታ ሰማሁ። ከዚያ ዝም አለ። ቁልፉ በእጄ ነው፤ ኳ ኳውን እጠብቃለሁ። የለም። ሆን ብሎ ሊያስለምነኝ ነው ብዬ በገንኩ። እንዲያውም አልለምነውም! እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ ሬዲዮው አንድ ዘፈን ጨርሶ ሌላ ጀምሯል። በመጨረሻ ንዴቴ ሲብስ ክላክሱን በሙሉ ክንዴ ተጫንኩት።

እናቴ እየሮጠች ወጣች። እኔ ከመኪናው እስክወርድ እሷ መሬት ላይ ተቀምጣ ራሱን አቅፋዋለች። ሰው ልጠራ ወደ በር በረርኩ። ስመለስ አልቆ ነበር።

ለለቀስተኛው "በይ አለኝና ወደቀ" ብዬ ነገርኩት። እንዴት ከአፌ እንደወጣ እንጃ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ ምንም አላለችም። ዓመት ሙሉ ውሸቴን ይዤ ዞርኩ። አባቴ አኩርፎኝ ሞተ፣ እኔም እሱ ወድቆ ሳለ ዘፈን እያዳመጥኩ እኩራራ ነበር ብዬ ለሷ በምን አፌ ልንገራት? ያ ዘፈን ታክሲ ውስጥ ከተከፈተ ሳልደርስ እወርዳለሁ። ቶሎ ብወርድ ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ? ይሄን የሚመልስልኝ የለም።

መካኒኩ የባትሪውን ማሰሪያዎች ነቅነቅ፣ ጠረግ ጠረግ አድርጎ አጠበቃቸው። ሞከርኩ፤ ቀጭ።

"እስቲ ክላክስ አድርጊ" አለኝ።

"መብራት ባበራስ?"

"ክላክሱ ይሻላል። በደንብ ከጮኸ ባትሪው ጋሪ ዳ፣ ደህና ነው፤ ችግሩ ሞተሪኖው ነው ማለት ነው።"

እጄን ክላክሱ ላይ አስቀምጬ መልሼ አነሳሁት።

"ቢስሚላሂ በይና ተጫኚው እንጂ እህቴ!"

ተጫንኩት። ያው ያን ቀን የጮኸው ድምፅ ግቢውን ሞላው።

እናቴ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ እየሮጠች ወጣች። እኔን ዞር ብላም አላየችኝ፤ በቀጥታ ወደ ኮፈኑ ጀርባ። መካኒኩ ቆሞ ስታየው "እሰይ!" አለች። ከዚያ ወደኔ መጥታ በሩን ተደገፈች። ከዚህ በላይ መሸከም አቃተኝ።

"እማዬ፣ ያን ቀን እየጠራሁሽ አልነበረም" አልኳት። "ተናድጄበት ነው ክላክሱን ያስጮኽኩት። በይም አላለኝም። ተኳርፈን ነበር፣ እኔ ደግሞ ዝም ብዬ ተቀምጬ…"

"አውቃለሁ" አለች። "ሦስት ቀን ሙሉ ኳ ኳ ሲያደርግልሽ እኔ ጆሮ የለኝም?"

"ታዲያ ለለቀስተኛው ስዋሽ ለምን ዝም አልሽ?"

"በይ ማለቱንማ ብሏል፤ ለኔ ነዋ ያለው። እጄ ላይ ሆኖ፣ 'በይ በያት፣ ረፈደባት' አለኝ። ልነግርሽ እያልኩ፣ ትታመሚብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።"

መካኒኩ ከኮፈኑ ጀርባ ሞተሪኖውን በብረት መታ መታ ሲያደርግ ይሰማኛል። ከዚያ ቆመ።

"በይ!" አለ።

አላዞርኩም። በሩን ከፍቼ ወረድኩና በኮፈኑ ጎን ዞሬ አየሁ። መካኒኩ ብረቱን ይዞ ቆሟል።

"ምነው እህቴ? በይ አልኩሽ እኮ።"

"ሰምቻለሁ" አልኩት። ተመልሼ ገባሁና ቁልፉን አዞርኩ።