ከቅርጫት የተነበበ መጽሐፍ

እኔና ማኅተም አንዲት ጠባብ ክፍል ለሁለት ተካፍለን አሥራ አንድ ዓመት ሠርተናል። እኔ በሩ አጠገብ ማመልከቻ እተይባለሁ፤ እሷ ከግድግዳው ሥር ፎቶ ኮፒ ታነሣለች። ማኅተም ያልናት አፏ ስለማይከፈት ነው። የሰው ወረቀት በእጇ ያልፋል እንጂ በዓይኗ አያልፍም። የፍርድ ቤት መዝገብ ይሁን የሐኪም ውጤት፣ ገልብጣ መስተዋቱ ላይ ታስተኛዋለች፣ ክዳኑን ትጫናለች፣ በቃ። እኔ ግን የምተይበውን ካላነበብኩ እንዴት ልተይበው? ስለዚህ የሰፈሩን ገመና ሁሉ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ወሬ አወጣች ተብላ የምትታማው እሷ ናት።

ታናሽ ወንድሟን እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። በያጅ ነው። አምና ከአብሮ አደጉ ከልብስ ሰፊው ጋር በማይረባ የኳስ ክርክር ተጣላና በያዘው ጠርሙስ ከጎኑ መጥቶ ፊቱን መታው። የልብስ ሰፊው ግራ ዓይን ጠፋ። ወንድምየው አምስት ዓመት ተፈረደበት። ሲያንሰው ነው ብያለሁ፣ እሷ ባትሰማኝም።

እስር ቤት ከገባ በኋላ ግን ሰውነቱ አለቀ። በየእሁዱ የምትወስድለትን ምግብ ሳይነካ ይመልሳል። የሚጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "እታለም፣ ፊት ለፊት ይቅርታ ብለው ይሰማኛል?" አንድ እሁድ ቆሞ ማነጋገር አቅቶት ሽቦውን ተደገፈ። በማግስቱ ማኅተም እንደ ወትሮዋ ዝም ማለት አልቻለችም።

"ይሞትብኛል፣ እትዬ። ቆሜ እያየሁት ይሞትብኛል።"

በዚያው ሳምንት አንዲት አሠልጣኝ ስለ ተሃድሶ ፍትሕ የሚያስተምር መጽሐፍ ይዛ መጣችና አርባ ቅጂ አዘዘች። እኔ አፌ አያርፍም፣ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት። "የተጎዳው ሰው የሚያስፈልገውን የሚናገርበት፣ የጎዳው ደግሞ ኃላፊነቱን የሚወስድበት መንገድ ነው" አለችኝ። ማኅተም ገጹን ሳታይ ማንሣት ጀመረች። እስከ ገጽ ስምንት ጥርት ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ቀለም ይተፋ ጀመር፣ የተበላሸው ወረቀት ቅርጫቱን ሞላው።

የተበላሸ ወረቀት የማንም አይደለም፤ የማኅተም ሕግ እዚህ ላይ ያበቃል። አሠልጣኟ ቅጂዋን ይዛ ከሄደች በኋላ ጀርባውን ለማስታወሻ ልትቆራርጠው ስታወጣ ዓይኗ አንድ መስመር ላይ አረፈ። ምን ሆነ? ማን ተጎዳ? የተጎዳው ምን ያስፈልገዋል? ያን የማሟላት ግዴታስ የማን ነው? ቆማ አነበበች። ቀለም የበላውን ወረቀት መስኮቱ ላይ ለጥፋ ወደ ብርሃን እያየች ሦስት ቀን አነበበች። ደንበኛ ሲጠራት አትሰማም ነበር። በመጨረሻ አራቱን ጥያቄዎች በእጇ ገልብጣ "ወደ ልብስ ሰፊው ልሄድ ነው" አለች።

አሠልጣኟን እንጠይቅ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ውሃ የወሰደው አረፋ ይጨብጣል፤ መጽሐፉ ምንድን ነው ብዬ ጠይቄ አረፋውን ያቀበልኳት ደግሞ እኔ ነኝ። "አብሬሽ እመጣለሁ" አልኳት።

የልብስ ሰፊው ቤት በሩ ክፍት ነበር። ቀሪው ዓይኑ ብርሃን እንዲያገኝ ቀኝ ጎኑን ለመስኮቱ ሰጥቶ የሱሪ ጫፍ ይሰፋል። በሩ በግራው ነው፣ የስፌት መኪናው ይጮሃል። ማኅተም ኮቴዋን ሳታሰማ ገብታ አጠገቡ ቆመችና "ወንድሜ" አለችው።

በድንጋጤ ሲዘል እጁ ከመርፌው ሥር ገባ። መርፌው ጥፍሩን በስቶ እዚያው ተሰበረ። እሷም ግራ ገብቷት፣ ደሙ ጨርቁ ላይ እየወረደ፣ ወረቀቷን ዘርግታ አነበበች። "ምን... ምን ያስፈልግሃል?"

"ምን ያስፈልገኛል?" አለ ጣቱን ጨብጦ። "ከዚያ ቀን ወዲህ በጎኔ ሰው ሲመጣ ነፍሴ ትወጣለች። መንገድ ላይ ግድግዳ ይዤ ነው የምሄደው። የማርፈው እዚህች ክፍል ውስጥ ብቻ ነበር። እሷንም ወሰዳችሁብኝ።"

"እሱ እኮ ሊሞትብኝ ነው!"

"እና እኔ ላድነው?"

ሚስቱ ከጓዳ ወጥታ በሩን አሳየችን።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለውን ተረት ስንት ማመልከቻ ላይ ተይቤዋለሁ። ወጊውስ አልረሳም ነበር፤ የረሳነው እኛ ነን።

በማግስቱ ለአሠልጣኟ ሁሉንም ነገርኳት። መጽሐፉን ገለጠችና ገጽ ሦስትን አሳየችኝ፦ ወደ ተጎዳው ሰው በራሳችሁ አትሂዱ፤ መጀመሪያ አስታራቂ ይጠይቀው፤ እምቢ ካለም ይከበርለት። ለማኅተም ስነግራት "ጥርት ብሎ የወጣው ውስጥ ነበር?" ብላ ተቀመጠች። እስኪመሽ ሥራ አልሠራችም።

አሠልጣኟ ይቅርታችንን ይዛ፣ ወንድምየውን ሊሰማው ይፈቅድ እንደሆነ በሚስቱ በኩል አስጠየቀችልን። የመጣው መልስ አጭር ነው፦ ከእነሱ ማንም እንዳይመጣ፣ እስረኛውም ደብዳቤ እንዳይጽፍ።

እሁድ አብሬያት እስር ቤት ሄድኩ። ወንድሟ ገና ሳንቀርብ ከሽቦው ማዶ "አገኘሽው? ምን አለ?" አለ። እኔ ብሆን እዋሽ ነበር። እያሰበበት ነው ብትለው ቢያንስ የዚያን ቀን ይበላ ነበር። በክርኔ ጎሸም አደረግኋት። እሷ ግን ዞራም አላየችኝ።

"እንዳንሄድበት ነው የሚፈልገው" አለች። "አንተም፣ እኔም። ሄጄ አስደንግጬው በእኔ ጥፋት ጣቱ ተወጋ።"

ወንድምየው ሽቦውን ያዘ።

"እስከ መቼ?"

"አላለም።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግለት፣ እታለም? ምንም የማደርግለት የለም?"

"አለ" አለች፣ እንባዋ እየወረደ። "እሱን ነው የነገርኩህ። ተወው።"

ሽቦውን የያዙት ጣቶቹ ሲነጡ አየሁ። ከዚያ "እሺ" አለ። እኔና እህቱ ሰማነው፤ ልብስ ሰፊው ግን አይሰማውም።