የሰላዩ ቆብ

ፈሪ ነኝ። በፊልም ላይ ግን ሰላይ ነኝ፤ ያውም ጥቁር መነጽር አድርጎ ከግድግዳ ጋር የሚላተም ሰላይ። ኑሮዬ ደብረ ታቦር ባጃጅ መንዳት ነው። ሠርግ የሚቀርጽ አንድ ጓደኛ አለኝ፤ በስልኩ እየቀረጸ ምስጢራዊ ወኪል ያደረገኝ እሱ ነው። የመጀመሪያው ክፍል በየሰው ስልክ ሲዞር ከተማው ሳቀብኝ። ተሳፋሪው ሁሉ "ሰላዩ፣ ዛሬስ ማንን ልትይዝ ነው?" እያለ ሲያሾፍብኝ ከረመ። ጓደኛዬ ታዲያ ልቡ አበጠና "ክፍል ሁለትን ካልሠራን ሞቼ እገኛለሁ!" አለ።

በክፍል ሁለት ጠላቴ ወንዛዬ ፍልውሃ ገብቶ ሲታጠብ እኔ ባሕታዊ መስዬ ልሰልለው ነው። ቢጫ ልብስ፣ ቆብ፣ መቋሚያ፣ ከፍየል ፀጉር የተሠራ ጢም። ከቆቡ ሥር የስልክ ማዳመጫ ጆሮዬ ውስጥ ተወትፏል፤ ጓደኛዬ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ እየቀረጸ በዚያ ያዝዘኛል። እናቴ ልብሱን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። "በሰው ቀልድ፣ በራስህም ቀልድ፤ በቆብ ግን አትቀልድ" አለችኝ። "እማዬ ደግሞ፣ ፊልም እኮ ነው!" ብያት ወጣሁ። አፌ ይህን ይበል እንጂ ሆዴ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፈርቷል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ?

ወንዛዬ ረፋዱ ላይ ደረስን። ጠላቴን የሚጫወተው ያመጣን የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ እሱ ወደ ውሃው ገባ። እኔ ገና ሁለት እርምጃ ሳልራመድ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ መጣችና እግሬ ሥር ወደቀች።

"አባ፣ ይፍቱኝ!"

መልሱን አውቀዋለሁ፤ "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ነው። ግን የአባቶች ቃል ነው፤ ለእኔ ቢጤ አፍ አይደለም። ዝም አልኩ። እሷ ዝምታዬን ሱባኤ አድርጋ ቆጠረችው መሰለኝ፣ ጭራሽ እግሬን ሳመችው። በጆሮዬ ደግሞ ያ ጉድ "እሰይ! ይህቺን ከየት አመጣሃት? ቀጥል፣ እንዳታቋርጥ!" ይለኛል።

"ልጄ ነው፣ አባ" አለች። ዓመት አይሞላውም፤ ትንፋሽ ሲስብ ከጎድኑ ሥር ስርጉድ ይላል። "ጸበል ነው ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ ውሃው ውስጥ ነከርኩት። የጤና ኬላዋ ልጅ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጂው አለችኝ። ጎረቤቶቼ ደግሞ ሰባት ቀን ሳይሞላ አይወጣም ይሉኛል። እርስዎ እንዳሉኝ አደርጋለሁ። ልሂድ ወይስ ልቆይ?"

ፍርሃትን አውቀዋለሁ እል ነበር፤ ለካ አላውቀውም። ቆቤን አውልቄ "እህቴ፣ እኔ ቀልደኛ ነኝ" ብላት እዚያ ያለው ሰው ሁሉ በድንጋይ ይጨርሰኛል። እሱስ ይሁን። ግን ከዚያ ወዲያ የማንን ምክር ታምናለች? ሂጂ ብያትስ ልጁ መንገድ ላይ ቢሞት? በቢጫ ጨርቅ ነፍስ አጠፋሁ ማለት ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ሂጂ" አልኳት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። "አሁኑኑ ሂጂ። ጸበሉም ሐኪሙም የአንድ እግዚአብሔር ነው።"

"በስመ አብ! እንዴት ያለ ትወና ነው!" አለ ጆሮዬ ውስጥ ያለው። ማዳመጫውን መንጭቄ ጣልኩት።

ጠላቴ ፎጣ አገልድሞ ከውሃው ሲወጣ ክንዱን ያዝኩት። "መኪናህን አስነሳ!" የሕፃኑን ደረት ሲያይ ሱሪውን በወጉ ሳይታጠቅ ሮጠ። ሴትየዋ ከመግባቷ በፊት ዞር አለች። "አባ፣ የክርስትና ስምዎን ይንገሩኝ፤ በጸሎቴ አስብዎታለሁ።" ያንን ስም ከእናቴና ከንስሐ አባቴ በቀር የሚያውቅ የለም። ነገርኳት። ከለበስኩት ሁሉ የራሴ የነበረው ያ ስም ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ፍልውሃው ዳር ቁጭ ብዬ ጢሜ በላብ እየተላቀቀ ስልኬ ላይ አፈጠጥኩ። በመጨረሻ ሹፌሩ ደወለ። "ደርሰናል። ኦክስጅን አድርገውለታል። ትንሽ ቆይተሽ ቢሆን ኖሮ ብለዋታል።" እንደ ልጅ አለቀስኩ። ጓደኛዬ ያንን ትዕይንት ካላስገባሁ ብሎ ሲሟገተኝ ስልኩን ነጥቄ ቪዲዮውን አጠፋሁበት፤ ሳምንት ተኮራረፍን። ፊልሙ ያለ ባሕታዊ ወጣ፣ ሰውም ሳቀ። ሹፌሩ ለሴትየዋ ትንፍሽ አላለም፤ በክፍል ሁለት ምስጢር የጠበቀ ጠላቴ ብቻ ነው።

ከወራት በኋላ ደብረ ታቦር ውስጥ ባጃጄ ላይ ወጣች። ልጁን አዝላዋለች፤ ወፍሯል፣ ጣቱን ይጠባል። አላወቀችኝም። "ልጅሽ ደስ ይላል" አልኳት።

"የአንድ አባት ጸሎት ነው ያተረፈልኝ" አለችና ነገሩን ሁሉ ለእኔው ተረከችልኝ። "ስማቸውን ሳልጠራ አልተኛም" ብላ ስሜን ጠራችው።

ንገራት፣ ንገራት እላለሁ በሆዴ። መሪውን ጨብጬ ነዳሁ። ገበያው ጋ ስትወርድ "ወንድሜ፣ ደግ ሰው ትመስላለህ። የክርስትና ስምህን ንገረኝ፣ አንተንም አስብሃለሁ" አለችኝ። መዋሸቱን ፈራሁ፤ እውነቱን ማውጣቱንም ፈራሁ። ስሙን ብቻ ነገርኳት።

"ውይ! ከአባ ጋር ሞክሼ ናችሁ!" ብላ ሳቀች።

ይኸው በየማታው ሁለት ጊዜ ትጠራኛለች፤ አንዴ ለአባ፣ አንዴ ለባጃጅ ነጂው። እግሯ ላይ ወድቄ ይፍቱኝ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እሷ ግን ልጇን አስተካክላ አዘለችና ገበያው ውስጥ ገባች።