የልጄ ደመወዝ በበግ ሲለካ

ስለ ገንዘብ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በዚህ በመንዝ ደጋ ላይ አለ ብዬ አላምንም። ጉራ ነው የሚለኝ ይበለኝ፤ ጉራዬን በላቤ ነው የገዛሁት። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ፊደል የለየሁት ባለ ሱቁ ጨው በሚጠቀልልበት ጋዜጣ ነው። ጨዉ ለቤት፣ ወረቀቱ ለእኔ። ሒሳብንም ቢሆን አርባ ዓመት በግ ስገዛና ስሸጥ፣ ሊያታልሉኝ የሞከሩ ነጋዴዎች ሳያውቁት አስተማሩኝ። ሰባውን ከተሻገርኩ ቆይቻለሁ፤ ዛሬም ያለ መነጽር አነባለሁ።

የመጨረሻ ልጄ የሒሳብ መምህርት ናት። ዓለም ከተማ ስድስት ዓመት አስተማረች። ደመወዟ ከቤት ኪራይና ከቀለብ አላልፍ ሲላት ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ከተማ፣ አንድ የግል ትምህርት ቤት ተቀጠረች። ሐሳቧ አንድ ነበር፤ ዓለም ከተማ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት በስሟ ሠርታ ከአከራይ ፊት መገላገል። ስትነሳ ሰው ሁሉ እኔን ይወቅስ ጀመር።

"ሴት ልጅህን ለብቻዋ ለዚያ ሐሩር ትሰጣለህ?"

"መምህር ተማሪ ያለበት ይሄዳል" አልኳቸው። "እናንተ የጓሳ ሜዳ ለአጨዳ ተከፈተ ሲባል ለአንድ ሸክም ሣር ስንት አቀበት ትወጡ የለም?"

ከሄደች በኋላ ወቀሳው ቀርቶ ቅናት መጣ። ገበያ ስወጣ "የዶላሩ አባት መጡ!" ይሉኝ ነበር። በግ ሲሸጡልኝም ዋጋ ይጨምሩብኝ ነበር። እኔም ስሙን አልጠላሁትም፤ እውነቱን ለመናገር ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

አንድ ክረምት ሬዲዮው ብር ከዚህ በኋላ በገበያ ዋጋ እንደሚመነዘር ነገረን። ጎረቤቴ ዝናቡን ሳይፈራ የበግ ጠጉር ባናውን ተከናንቦ መጣ። ይህ ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ ርእሰ መምህር ነው። አብረን ነው ያደግነው፤ እሱ ከተማ ሄዶ ተማረ፣ እኔ እዚሁ ሆኜ ተማርኩ።

"ሰማህ?" አለኝ።

"ሰማሁ።"

"ዶላር ሽቅብ ወጣ! ልጅህ ያንኑ ብትልክ እንኳ እዚህ ሲደርስ እጥፍ ነው። አንተ ሰውዬ ተኝተህ ከበርክ።"

ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው። ለዘመን መለወጫ ስቀልበው የከረምኩትን ሙክት ከጋጣ አወጣሁ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ አየችኝ።

"ለዓመት በዓል ያልከው አይደለም እንዴ?"

"ዓመት በዓሉ ቀድሞ መጣ" አልኳት።

ጎረቤት ተጠራ፣ ተበላ፣ ጠላ ተጠጣ። አንዱ ሽማግሌ ተነሥቶ "ብራችንን ከዚህም በታች ያውርድልን!" ብሎ መረቀ፤ ሁላችንም "አሜን!" አልን። አገር የገዛ ገንዘቡ እንዲወድቅ ሲጸልይ ታይቶ አይታወቅም፤ እኛ ጸለይን።

በማግሥቱ ልጄ ደወለች። ሁኔታውን በደስታ ነገርኳት።

"አባዬ፣ የምን ዶላር ነው የሚሉኝ?"

"ደመወዝሽ ነዋ።"

"እኔ በዶላር ተከፍዬ አላውቅም እኮ። የሚከፍሉን በዚህ አገር ፓውንድ ነው። እኔ ነኝ ፓውንዱን ይዤ መንዛሪ ዘንድ ሄጄ ዶላር የምገዛው።"

"ፓውንዱስ ታዲያ እንዴት ነው?"

"ፓውንዱማ ከእኛ ብር ቀድሞ ነው የወደቀው። በፊት ለአንድ ዶላር እፍኝ የምሰጠው ዛሬ እቅፍ ሆኗል።"

የሙክቱን ነገር አላነሣሁባትም። አፈርክ ወይ የሚለኝ ካለ፣ አላፈርኩም። ውጭ አገር የሚሠራ ሁሉ ዶላር የሚያፍስ የመሰለን እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ ዲግሪ ያለውም ጎረቤቴ አብሮ መስሎታል፣ ጎድኑንም በልቷል። ልዩነታችን እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን ለመመርመር መነሣቴ ነው።

ምርመራዬም ይህ ነበር። ገንዘብን በገንዘብ ብትለካው አትደርስበትም፤ ፓውንዱ ይወድቃል፣ ብሩም ይወድቃል፣ የሚወድቅ ሰው በሚወድቅ ሰው ትከሻ ቁመቱን አይለካም። መለኪያዬን በግ አደረግሁ። በየገበያው ቀን የመካከለኛ ሙክት ዋጋ እየጠየቅሁ፣ የልጄን ደመወዝ በብር አስልቼ በዚያ አካፍላለሁ። ነጋዴዎቹ "የዶላሩ አባት በግ ይጠይቃሉ እንጂ አይገዙም" ይሉኝ ጀመር። ይበሉ።

በመጀመሪያው ዓመት የወር ደመወዟ ስድስት ሙክት ይገዛ ነበር። በዚያ መካከል ትምህርት ቤቱ ሁለት ጊዜ ጨምሮላታል፤ ብራችንም ወርዷልና ወደ ብር ሲለወጥ የሚመጣው ቁጥር ከዱሮው ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ጎረቤቴ ይህን ይዞ ተከራከረኝ።

"ያው ነው እኮ! ምን ጎደለብህ?"

"ቁጥሩ ያው ነው። በጉ ግን ሦስት ሆኗል።"

"ደመወዝ በበግ አይቆጠርም፣ ወዳጄ። የኢኮኖሚ ትምህርት የሚባል ነገር አለ።"

"እስቲ የተማርከው አንተ ንገረኝ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምረህ ያገኘኸው ጡረታ ዛሬ ስንት በግ ይገዛል?"

አንገቱን ደፋ። "አንድ" አለ። "እሱም ከሲታ።"

ልጄ ለገና መጣች። የዓመት ትኬቷን ትምህርት ቤቱ ይችላል፤ ያ ባይሆን መምጫም አልነበራትም። ከስታለች። ከቦርሳዋ የአዲሱን ዓመት ውል አወጣች። ስትመለስ ፈርማ እንድትሰጥ ነው የተነገራት፤ ደመወዙ አሁንም በፓውንድ ተጽፏል።

"ልፈርም ወይስ ልቅር፣ አባዬ?" አለችኝ። "ብፈርም ዓመት ሙሉ ቀልጬ ለቀለብ ብቻ ነው። ብቀር የቤቱ ነገር አለቀ፤ የገዛሁትም ቦታ ባዶ ሜዳ ሆኖ ይቀራል። ሰዉም ጁባ ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች ይለኛል።"

ጎረቤቴም ልጅቷን ሊጠይቅ መጥቶ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። "በዶላር ክፈሉኝ በያቸው" አላት።

"ጠይቀን ነበር፣ ጋሼ። ባለንብረቱ ምን አለን መሰለዎ? 'ዶላር የፈለገ በሩ ክፍት ነው፤ ነገ ሌላ አስተማሪ አመጣለሁ' አለን። አገሩም የራሱን ገንዘብ ያስከብራል ብሎ ያሳብባል።"

"እሱስ ከተማሪዎቹ የሚቀበለው በምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅሁ።

"በዶላር ነው። ወላጆቹ ነጋዴና የድርጅት ሠራተኞች ናቸው።"

ይኼኔ ነገሩ ሁሉ እንደ ቀትር ተገለጠልኝ። የእኔ አእምሮ እንዲህ ነው፤ ብዙ ዝም ይልና አንዴ ሲነሣ የሚያቆመው የለም።

"ዶላር አትጠይቂው" አልኳት። "ግልገል ጠይቂው።"

ሁለቱም ሳቁ። ባለቤቴ ሳትቀር ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

"ከእኔ በጎች ለርቢ ለወሰደው ሰውዬ ስንት ነው የምከፍለው?" አልኳት።

"ምንም አይከፍሉትም። ከሚወለደው ይካፈላል እንጂ።"

"ለምን በብር አንዋዋልም?"

"የበግ ዋጋ ስለሚለዋወጥ።"

"አዎ! በግ ሲወደድ እሱም እኔም እንከብራለን። ሲረክስ አብረን እንደኸያለን። አንዱ ቆሞ አንዱ አይወድቅም። የእረኝነት ዋጋው ከመንጋው ውስጥ ነው። አንቺስ መንጋሽ ማን ነው?"

"ተማሪዎቼ" አለች፤ መሳቋን ተወች።

"ታዲያ ደመወዝሽ ይህን ያህል ፓውንድ ከሚባል፣ የዚህን ያህል ተማሪ የወር ክፍያ ይባል። በፓውንድ ይክፈልሽ፣ የአገሩ ገንዘብ ክብር አይነካ። ግን በሚከፍልበት ቀን የዚያን ያህል ተማሪ ክፍያ በፓውንድ ስንት ይሆናል ተብሎ ይታሰብ።"

ጎረቤቴ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። "ውል እንዲህ አይጻፍም። ተማሪ እንደ በግ አይቆጠርም፤ ነውር ነው።"

"ባለንብረቱ ከቆጠራቸው ቆይቷል" አልኩት። "ሳይቆጥራቸው ዶላሩን እንዴት ይሰበስባል?"

ልጄ ግን እኛን መስማት ትታ ነበር። እርሳስ አውጥታ የውሉ ጀርባ ላይ ማስላት ይዛለች። ቆይታ ቀና አለች፤ ፊቷ ተለውጧል።

"አባዬ፣ በመጀመሪያው ዓመት ደመወዜ የዘጠኝ ተማሪ የወር ክፍያ ነበር።"

"አሁንስ?"

"የአራት።"

"የአምስቱ ልጆች ክፍያ የት ገባ?"

ጎረቤቴ ራሱ፣ ያ ሁሉ ትምህርት ያለው ሰው፣ "ያ ሌባ!" ብሎ ከመቀመጫው ተነሣ።

ከጥምቀት በኋላ ተመለሰች። ወረቀቱን ሳትፈርም ይዛው ሄደች። ባልደረቦቿ መጀመሪያ እንደ እኛው ቤት ሳቁ፤ ከዚያ እያንዳንዱ የራሱን አሰላ። የፊዚክሱ፣ የኬሚስትሪውና የእንግሊዝኛው መምህራን ከእሷ ጋር ቆሙ። አራቱም አንድ ዓይነት ወረቀት ጽፈው፣ በዘጠኝ ተማሪ ክፍያ ካልሆነ አንፈርምም ብለው ባለንብረቱ ጠረጴዛ ላይ አኖሩለት።

እዚህ እኛ ጨነቀን ማለት አልወድም፤ እኔ አልጨነቀኝም። ባለቤቴ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሥላሴን ስትማጸን ሰነበተች። ጎረቤቴም በየቀኑ እየመጣ "አባረራት?" ይለኛል።

"ሰው ምን ይለኛል ብለህ አታስብም?" አለኝ አንድ ቀን። "ያንተን የበግ ሒሳብ ይዛ ሄዳ ሥራዋን ብታጣስ?"

"በአራት ተማሪ ክፍያ መቀጠርስ ሥራ መያዝ ነው? ብትባረርም ቆማ ትባረር። ተንበርክካ ከምትቀጠር ቆማ የምትመጣ ልጅ ትሻለኛለች።"

አፌ ላይ ያለው ይህ ነበር። ሆዴም ውስጥ ያለው ይኸው ነው።

ስትደውል ድምፅዋን ሰምቼ ምን እንደ ሆነ መለየት አቃተኝ። ባለንብረቱ በመጀመሪያው ቀን ስቆባቸዋል፣ በሁለተኛው ሰድቧቸዋል። "ሂዱ፤ ነገ ሌላ አመጣለሁ" ሲላቸው ልጄ "አምጣ፤ የመጡትም የሚጠይቁህ ይህንኑ ነው፣ ሒሳቡን እኔ ነኝ የማሳያቸው" አለችው። በሦስተኛው ቀን የምዝገባ ጊዜ ደረሰ። ዶላራቸውን ይዘው የመጡ ወላጆች የሒሳብ መምህርቷ አለች ወይ ብለው ጠየቁ። ማታውን አራቱንም አስጠራቸው።

"ምን አለ?" አልኳት።

"ሰባት አለ።"

"ዘጠኝ አልሽው?"

"አልኩት። አንዱ ኬንያዊ ባልደረባችን ከዘጠኝ አንድም አልቀንስም ብሎ ዕቃውን ጠቅልሎ ሄደ። እኔና ሁለቱ ግን በሰባት ፈረምን። ክፍያ በሚወጣበት ቀን ምንዛሪ ይታሰባል የሚለውን አንድ ቃል ሳንለቅ አጻፍነው።"

ጎረቤቴ ስልኩን ከእጄ ሊነጥቅ ደረሰ። "ተማሪ ቢቀንስባቸውስ? መንጋው ቢያልቅስ? ይህንን ጠይቃት!"

"ሰምቻቸዋለሁ" አለች። "ጋሼ፣ ተማሪ ከጠፋ ትምህርት ቤትም የለ፣ ደመወዝም የለ። ያንን ከእነሱ ጋር አብሬ ልክሰር። እስከ ዛሬ ግን ስከስር የነበረው ብቻዬን ነው።"

ከሁለት ወር በኋላ ፓውንዱ እንደገና ዘቀጠ። በፊት ቢሆን ስትደውል ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር የሚመጣው። ያን ቀን ግን ስትስቅ ሰማኋት። ገንዘብ ያዡ የደመወዟን ፓውንድ ሲቆጥር አልበቃ ብሎት ተጨማሪ ፌስታል አስመጥቷል፤ ባለንብረቱም በር ላይ ቆሞ በክፉ ዓይን ሲያያት ነበር። ሁለቱን ፌስታል ይዛ መንዛሪው ዘንድ ሄደች። ያገኘችው ዶላር ካለፈው ወር ጋር እኩል ነበር።

ሰው አሁንም ይናገራል። "ልጅህን አስመጣት፣ ይብቃት፣ ትዳር ትያዝ" ይሉኛል። እኔ የምመልሰው አንድ ነው፤ ልጄ የምትመጣበትን ቀን የምትወስነው እሷ ናት። የአገሩ ፓውንድ አይወስንላትም፣ የእኛም ብር አይወስንላትም። ዓለም ከተማ ላይ የቤቱ መሠረት ወጥቷል፤ በዚያ አቧራማ መንገድ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄጄ፣ ግንበኛው ያጠመመውን ማዕዘን በዓይኔ ብቻ አይቼ አስፈርሼዋለሁ። ለክቶ ሲያየው ትክክል ነበርኩ።

ሰሞኑን ስትደውል የሚቀጥለውን ዓመት ውል አነሣችልኝ።

"በሚመጣው ዓመት ወደ ዘጠኝ እንመልሰዋለን ብለን ተማክረናል" አለች።

"ዘጠኝ ለምን?" አልኳት። "አሥር በሉት። አንዱ የአማካሪያችሁ ነው።"