ቁልፉ ባሕር ማዶ የቀረ ኮምፒዩተር

ሠርክአዲስ ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ ትተይባለች። እጇ ፈጣን፣ አንደበቷ ቁጥብ ነው። በ2001 ክረምት መብረቅ ወርዶ የኮምፒዩተሯን ዋና ሰሌዳ አቃጠለባት። ባሕር ዳር ወስዳ አስቀየረችና ተመልሳ ስታበራው ማሽኑ አላውቅሽም አለ። «ይህ ሌላ ኮምፒዩተር ነው፤ በሦስት ቀን ውስጥ ፈቃድሽን አድሺ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አወጣ። የምታድሰው ወይ በኢንተርኔት ነው፤ እሱ ሱቋ አልገባም። ወይ ባሕር ማዶ ደውላ ነው።

ቴሌ ሄዳ ደወለች። ከስክሪኑ ገልብጣ የያዘችውን ሃምሳ ምናምን አኃዝ አንድ በአንድ ስታነብ፣ ሠላሳኛው ላይ ስትደርስ መስመሩ ተቋረጠ። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም ተቋረጠ። በአራተኛው ቀን ኮምፒዩተሩ ጭራሽ አላስገባም አላት።

ውስጡ የመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ሥራ አለ። መሪጌታ በማንኩሳ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም፣ ከመምህሮቻቸው የሰሙትን ቅኔ ሰምና ወርቁን እየፈቱ በቃላቸው ሲነግሯት፣ እሷ ስትተይብ ሁለት በጋ አልፏል። በወረቀት የወጣው ሩቡ ብቻ ነው።

ማንኩሳ ወርዳ እውነቱን ነገረቻቸው።

«የኔታ፣ ኮምፒዩተሩ ዘግቶብኛል። እንደ ሌባ ቆጠረኝ።»

«ሰርቀሽ ነበር?»

«ኧረ የኔታ! ከነፈቃድ ቁጥሩ ነው የገዛሁት፤ ወረቀቱ ጎኑ ላይ ተለጥፏል።»

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የሰው ቅኔ የራሴ ነው ያለ ተማሪ በጉባኤ ያፍራል፤ ባለሥራው ሥራውን ቢጠብቅ አልፈርድበትም። ግን ሌባን ልከልክል ብሎ ባለቤቲቱን ከቤቷ ማስወጣት ምን የሚሉት ጥበቃ ነው? በይ አትዘኝ፤ መውጫ አይጠፋም።»

እርሳቸው ቢያጽናኗትም የእርሳቸው ድካም ነበር የሚያንገበግባት። በነጋታው ኮምፒዩተሩን በባጃጅ ጭና ቡሬ የሙያ ማሠልጠኛ ኮምፒዩተር ወደሚያስተምረው ወደ ወንዳወቅ ሄደች።

ወንዳወቅ ከመሳቢያው አንድ ዲስክ አወጣ። «ይኼ ኮምፒዩተሩን የሚያንቀሳቅስ ሌላ ሥርዓት ነው፤ ከዲስኩ ላይ ይነሣል፣ የተቆለፈውን አይነካም።» ማሽኑ እያጓራ ተነሣ። ፋይሉን ሲከፍቱት ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ተደረደረ፤ ሠርክአዲስ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «ቆይ እንጂ፣ የግዕዝ ፊደል አልጨመርኩለትም» አላት። ሲጨምርለት ሳጥኑ ሁሉ ቅኔ ሆነ። አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ይህን ዲስክ የት ልግዛ?»

«ምን መግዛት ያስፈልጋል? ገልብጪው፣ ለሌላም ስጪ። ሠሪዎቹ ራሳቸው ፈቅደዋል።»

ሁለት ጊዜ አስደገመችው።

ሥርዓቱን ሙሉ በሙሉ ስትቀይር ግን ቀላል አልሆነላትም። ማተሚያው ሳምንት አሻፈረኝ አለ፤ «ኀ» እና «ሐ» ቦታቸውን ቀይረውባት ባለጉዳይ ፊት አላባት። ቢሆንም አልተወችውም። ኅዳር ላይ ከደምበጫ የመጣች አምለሰት የምትባል ጸሐፊ እንዲህ ያለው ቁልፍ ቢገጥማት፣ ሠርክአዲስ ዲስኩን ገልብጣ ሰጠቻት፤ ግማሽ ቀን አጠገቧ ተቀምጣም አለማመደቻት።

የመሪጌታ ጽሑፍ ታትሞ ሲጠረዝ ማንኩሳ ይዛ ወረደች። እሷ ስታነብ እርሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ያዳምጡ ነበር። መካከል ላይ እጃቸውን አነሡ።

«እዚያ ላይ ተሳስቻለሁ፤ ወርቁ ሌላ ነው። ወረቀት ይዘሻል?»

«ይዣለሁ፣ የኔታ።»

«እንግዲያ ጻፊ፤ ገና ብዙ አለን።»