ፍሬን ፍለጋ፦ ከገላን ኮንዶሚኒየም እስከ ሞጆ

ቅዳሜ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት

ከገላን ኮንዶሚኒየም ስወጣ ሞተሬን አላስነሳሁትም። ከሕንፃችን ደጃፍ እስከ ዋናው አስፋልት ድረስ እየገፋሁ ወሰድኩት። ተበላሽቶ አይደለም። አባቴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቁርሱን እየበላ ስለነበር ነው።

የጉዞዬ መጨረሻ እሑድ ሞጆ ነበር። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ገና ሥራ ያልጀመረ የፋብሪካ ግቢ አለ፤ ዙሪያውን አዲስ አስፋልት ተነጥፎለታል። የተወሰኑ ሞተረኞች ግቢውን ለአንድ ቀን አስፈቅደው፣ በሩን ዘግተው፣ እንደ እኔ ፍጥነት ለሚወዱ ሰዎች ዙር ሊያስነዱ ነው። ሲኖትራክ የለ፣ ባጃጅ የለ፣ ድንገት የሚሻገር አህያ የለ። ታዲያ ማንም ከመግባቱ በፊት ሞተሩ ይፈተሻል፤ ፍሬኑ የማይዝ በመጣበት ይመለሳል። የእኔ አይዝም። ስለዚህ ቅዳሜን ለፍሬን ፍለጋ መደብኩ።

ሥራዬ ቂሊንጦ ነው፣ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ሞተሬ አራት መቶ ሲሲ የስፖርት ሞተር ሲሆን፣ ከእኔ በፊት ስንት ጌታ እንደቀያየረ እግዜር ይወቀው። ለውድድር አስፋልት አዘጋጀዋለሁ ብዬ ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩትን ምን ላይ እንዳዋልኩት ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ፤ መጀመሪያ የገዛሁት ማርሚታ፣ ማለትም የጭስ ማውጫ ነው፣ ድምፁ ሰፈር እንዲያናውጥ። ከዚያ ተለጣፊ ሥዕል። ከዚያ ቀይ የፍሬን እጀታ። እጀታው ቀይ ሆነ እንጂ ፍሬኑ ያው ነበር።

ከሁለት ወር በፊት ቂሊንጦ ጀርባ ጭር ያለ መንገድ ላይ ስለማመድ ፍሬኑን ብጨብጠው እጀታው ከመሪው ጋር ገጠመ፣ ሞተሩ ግን አልቆመም። ራሴን ቦይ ውስጥ አገኘሁት። ክርኔ ተላጠ እንጂ አጥንቴን እግዚአብሔር ጠበቀኝ። አሁን የአባቴን የድሮ ሥራ ልንገራችሁ። በድሮው ባቡር ጥገና ክፍል ሠላሳ ዓመት የፉርጎ ፍሬን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የእሱ ልጅ ፍሬን አጥታ ቦይ ገባች። የተላጠ ክርኔን አይቶ «ስለዚህ ነገር ሁለተኛ ከእኔ ጋር እንዳታወሪ» አለኝ።

እናቴ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነን። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ውኃ ፈረቃ እናወራለን፣ ስለ ጎረቤት እናወራለን፤ የራስ መከላከያዬን ሳነሳ ግን ተነሥቶ መኝታ ቤቱ ይገባል። ቢቆጣኝ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሞጆ የምሄደውም አባቴ ሳይመርቀኝ መሆኑ ከማንኛውም ነገር በላይ ከብዶኝ ነበር።

ሳሪስ፣ ሦስት ሰዓት

በሁለተኛ ማርሽ፣ ከሚኒባሶች ኋላ እያዘገምኩ ሳሪስ ደረስኩ። መጀመሪያ ፉል በላሁ። መቶ ሃያ ብር ነው፣ ቃሪያው በነፃ። ከዚያ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት መደዳ ገባሁ።

ሳሪስ ውስጥ የማይገጥም ዕቃ የለም። ሻጩን «ለእኔ ሞተር ይሆናል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁት ሞተራችሁን ሳያይ «ይገጥማል» ይላችኋል። ጎማ ስጠይቀው ጥልቅ ጥርስ ያለው አንድ አወጣልኝ። በጣቴ ዳሰስኩት፤ የጥርሱ ጠርዝ እንደ ቢላ ስለት ቀጥ ያለ ነው። ያለቀ ጎማ በጋለ ብረት እንደገና ተቀርጿል።

«ይሄን የቀረጸው ፋብሪካ ነው ሰው?» አልኩት።

«ሰው ነው እህቴ» አለ ሳያፍር። «ግን እጁ ወርቅ ነው!»

በጥራት ተቆጣጣሪነቴ ኮርቼ ጎማውን መለስኩለት። ኩራቴ አሥር ደቂቃም አልቆየ። ሻጩ ከመደርደሪያ ሥር ዲስኩን ቆንጥጦ የሚያቆመውን ካሊፐር አወጣ፤ የእኔን ሁለት እጥፍ የሚያህል፣ ወርቃማ ቀለም የተቀባ።

«ይሄ የስድስት መቶ ሲሲ ነው። ከገጠምሽው ግድግዳ እንደመታሽ ነው ቀጥ የምትዪው።»

«ግድግዳው እንኳን ይቅርብኝ። ይገጥማል?»

«መግጠሚያ ታስቆርጪለታለሽ እንጂ ይገጥማል።»

ሰባት ሺህ ብር ቆጥሬ ሰጠሁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን ገና ማፍሰሴንም አላወቅሁ።

አቃቂ፣ አራት ሰዓት ተኩል

ከሳሪስ በቃሊቲ አድርጌ ወደ አቃቂ ወረድኩ። ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች ግራና ቀኝ አጅበውኛል፣ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይንቀጫቀጫል። ፍሬኔን ስለማላምነው በማርሽ እያቆምኩ ነው የሄድኩት።

ከድሮው ባቡር ጣቢያ አለፍ ብሎ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ቶርኖ ቤት ያላቸው ሰው አሉ። ከአባቴ ጋር አንድ ጥገና ክፍል ነው ያረጁት። መነጽራቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ደርሼ ሰላምታ ሰጠሁና ካሊፐሩን አውጥቼ መግጠሚያ እንዲቆርጡልኝ ለመንኳቸው። በመዳፋቸው መዘኑት፣ ጨርቅ ላይ አስቀመጡት።

«መቁረጡን እችላለሁ። ግን አልቆርጥም» አሉኝ።

«ምነው ጋሽ ደምሴ?»

«ፍሬን ነዋ! እኔ ብረት ቆራጭ ነኝ። ተሾመ ሳያየው ከእጄ የወጣ የፍሬን ዕቃ ኖሮ አያውቅም። በእርጅናዬ አልጀምርም።»

ተሾመ አባቴ ነው። «ስለ ሞተሩ እኮ አያናግረኝም» አልኩ።

«ስለ ሞተሩ ማን አለሽ? ስለ ፍሬን ደውይለት። በይ፣ እኔ ሻይ ላዝዝ።»

ደወልኩ። «አባዬ፣ ጋሽ ደምሴ ጋ ነኝ። ፍሬኑን እንድታይልኝ ነው።» ይዘጋብኛል ብዬ ስጠብቅ «የፍሬኑ ሸራ ነው ቱቦው?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«እንዳትነኩት። መጣሁ።»

አርባ ደቂቃ አልፈጀበትም። ኮቱን ለብሶ፣ መፍቻዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ በፌስታል ይዞ መጣ። ከጋሽ ደምሴ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። እኔን በዓይኑ ብቻ ሰላም ብሎኝ ሞተሩ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ያዥ» አለኝ። ያዝኩ። «ልቀቂ። ያዥ።» በሁለት ጣቱ የፍሬኑን የጎማ ቱቦ ነክቶ ነበር። ቆይቶ እጄን ሳበና ጣቶቼን እዚያው አስቀመጣቸው፤ እጀታውን እሱ ጨበጠ። ቱቦው ጣቴ ሥር አበጠ፣ ሲለቅ ሟሸሸ።

«ጉልበትሽ እዚህ ቀርቷል» አለ። «ዲስኩን የሚይዘው ሸራ ጋ አይደርስም። የሞተሩ ካሊፐር ምንም አልሆነ።»

«ይሄኛውስ?» ብዬ የሰባት ሺህ ብሩን አሳየሁት።

አገላብጦ አየው። «ያምራል» አለ።

ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አውልቀው እስኪያብሱ ሳቁ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ የፍሬን ሰው ቤት ተወልጄ ሳሪስ ድረስ ፍሬን ፍለጋ መሄዴ አንገቴን አስደፋኝ።

ቃሊቲ፣ ስድስት ሰዓት

ቱቦውን ፈትተን በፌስታል ይዘን፣ ሞተሩን ቶርኖ ቤት ትተን፣ እኔና አባቴ በሚኒባስ ወደ ቃሊቲ ተመለስን። የሁለታችንንም ሒሳብ እሱ ከፈለ። መንገዱን ሙሉ በመስኮት ሲያይ ነበር፤ እኔም ዝም አልኩ። ዝምታው ግን እንደ ሰሞኑ አልከበደኝም።

ቃሊቲ ለሎደርና ለከባድ መኪና ቱቦ በልክ እየቆረጡ፣ ጫፉን በማሽን እየጨመቁ የሚሸጡ ቤቶች አሉ። ሠራተኛው ወፍራም ጥቁር ጎማ አነሣ።

«አይ ወንድሜ፣ ይሄን የፍሬን ዘይት ይበላዋል» አለው አባቴ። «ውስጡ ነጭ፣ ውጩ የብረት ሽቦ የለበሰ ቀጭን የለህም?»

ሠራተኛው ቀና ብሎ አየው። «አባባ፣ ሥራውን ያውቁታል መሰለኝ።»

«ትንሽ» አለ አባቴ። ሽቦ የለበሰው ቱቦ በሺህ ዘጠኝ መቶ ብር ተሠራልን።

ቶርኖ ቤቱ ተመልሰን ገጠምነው፣ አዲስ ዘይት ሞላን፣ ከዚያ ከቱቦው ውስጥ አየሩን ማስወጣት ያዝን። እኔ እጨብጣለሁ፣ እሱ ከታች ብሎኑን ላላ ያደርጋል፣ አረፋው በቀጭን ቱቦ ወደ ውኃ ፕላስቲክ ይወርዳል። «ያዥ… ልቀቂ… ያዥ…» ለአንድ ሰዓት ያህል ከዚህ ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። ሁለት ወር ሙሉ ይህን ያህል አላናገረኝም ነበርና አረፋው ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ።

ከአቃቂ ወደ ገላን፣ ዘጠኝ ሰዓት

ልሄድ ስነሣ ጋሽ ደምሴ አስቆሙኝ። «ማነው የሚሳፈረው?» አሉ አባቴን እያዩ።

አልገባኝም። አስረዱኝ። በእነሱ ጥገና ክፍል አንድ ደንብ ነበር፤ ፍሬን የጠገነ ሰው፣ ያ ፉርጎ መጀመሪያ ሲወጣ እላዩ ላይ ይሳፈራል። ፊርማው ይኸው ነው፤ በሠራው ሥራ ላይ የገዛ ነፍሱን ያስቀምጣል። እሳቸው ሲያወሩልኝ አባቴ ጎረቤት ብየዳ ቤት ከቆመ ዕቃ አድራሽ ሞተረኛ የራስ መከላከያ ለምኖ መጥቷል።

«አባዬ፣ ጉልበትህ…» አልኩ።

«ተቀመጪ» አለኝ።

የስፖርት ሞተር የኋላ መቀመጫ መዳፍ አታክልም። ስልሳ ሰባት ዓመት የሞላው ሰው፣ ኮት ለብሶ፣ ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደርሶ፣ ትከሻዬን ጨብጦ ተቀመጠ። እኔ በፍርሃት እንደ ቀንድ አውጣ ተሳብኩ። ባጃጅ ቀደመን። ውኃ በጀሪካን የጫነ ጋሪም ሊቀድመን ዳር ዳር ሲል አባቴ ትከሻዬን መታ አደረገ።

«በዚህ አካሄድ ፍሬን አይታወቅም። ጨምሪ!»

ቱሉ ዲምቱ አልፈን ጭር ያለ መንገድ ላይ ስልሳ ስደርስ «ያዥ!» ብሎ ጮኸ። በሁለት ጣቴ ጨበጥኩ። ሞተሩ ከመሬት ጋር እንደተሰፋ ቀጥ አለ፤ የአባቴ ራስ መከላከያ የእኔን ገጭ አደረገው። «ድገሚው» አለ። ሦስት ጊዜ ደገምነው።

ሕንፃችን ደጃፍ ወርዶ ጉልበቱን አሻሸ። «ይይዛል» አለ፤ ደረጃውን ይዞ ወጣ። ስለ ሞጆ አንድም ቃል አልተናገረም። እኔም ለመጠየቅ ድፍረቱን አጣሁ።

እሑድ፣ ሞጆ

ስነሣ አባቴ ቅዳሴ ሄዷል። እኛ ቤት ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ሳይመረቅ አይወጣም፤ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅሁት። አልመጣም። ሞተሬን አስነሥቼ ሄድኩ።

ፈጣን መንገዱ ሞተር ስለማያስገባ በአሮጌው መንገድ ነው የሄድኩት፤ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ። ጠዋቱ ብርድ ነበር። ቢሾፍቱ ቆሜ በሻይ ብርጭቆ እጄን አሞቅሁ። ከሞጆ ወዲያ ያለው ግቢ ስደርስ ሃያ የሚሆኑ ሞተሮች ተሰልፈዋል፤ ሰዉ ቢወድቅ ስብርባሪ እንዳይበተን መስታወቱን እየፈታ፣ መብራቱን በፕላስተር እየሸፈነ ነው። እኔም እንደዚያው አደረግሁ።

ፈታሹ ቀጠን ያለ፣ ብዙ የማይስቅ ወጣት ነው። ፍሬኔን ጨብጦ ሞተሩን ወደፊት ገፋው። በጉልበቱም ገፋው። ንቅንቅ አላለም።

«ይሄን ቱቦ የት ነው ያሠራሽው?»

«አባቴ ነው የሠራው።»

«ለእኛም ይሠራልን ይሆን?»

«ይጠየቃል» አልኩ፤ አፌ ሞልቶ ሲናገር ለራሴ ተሰማኝ።

አስፋልቱ አንድ ረጅም ቀጥታና አምስት መታጠፊያ አለው። ቀጥታው የሚያልቀው አንድ ባዶ መጋዘን ፊት ለፊት ነው፤ ያልያዘ ሰው ግድግዳውን ያያል። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ከሩቅ ፍሬን እየያዝኩ ሁሉም ቀደመኝ። በአምስተኛው ዙር ለመያዝ ትንሽ ዘገየሁ፣ በስምንተኛው ደግሞ ትንሽ። ጨበጥኩ፣ የፊቱ ጎማ መሬቱን ነከሰ፣ ሞተሩ ታዝዞኝ ታጠፈ። ያኔ የጨበጥኩት የአባቴን እጅ መሰለኝና የራስ መከላከያው ውስጥ እንባዬ መጣ። ማንንም አልቀደምኩም፤ ደስታዬ ግን ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

ወደ ገላን

ሞጆ ተጋቢኖ በልቼ ተነሣሁ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ገላን ገባሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አጭር ነው። ገንዘብ ያጠረው ሰው የሚያምረውን አይግዛ፤ ያለውን ፈትሾ የደከመውን አንድ ነገር ይቀይር። እንዲሁም ቤቱ ውስጥ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ እፍረቱን ውጦ ይጠይቅ። እኔ ይህንን ለማወቅ ሰባት ሺህ ብርና ሁለት ወር ከፍያለሁ።

አባቴ ምስር አሙቆ ጠበቀኝ። እጄን ታጥቤ ቁጭ አልኩ፤ መብላት ጀመርን።

«ቀጥታው መንገድ ሲያልቅ» አለ ቀና ሳይል፣ «የት ላይ ያዝሽው?»

ቀጥታ መንገድ መኖሩን አልነገርኩትም ነበር፤ ጋሽ ደምሴን ጠይቆ ይሁን ጎረቤት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብርጭቆዬን መጋዘን አድርጌ፣ የጨው ዕቃውን ሞተር አድርጌ ገፍቼ «እዚህ ጋ» ብዬ አሳየሁት። ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ የጨው ዕቃውን በአንድ ጣቱ ትንሽ ወደ ኋላ መለሰው።

«ዘግይተሻል» አለ። «በሚቀጥለው ጊዜ አሥር ሜትር ቀድመሽ ያዥ።»

«በሚቀጥለው ጊዜ» አለኝ። የሰማሁት እንዳይመስልብኝ፣ ሐሳቡንም እንዳይቀይር፣ «እሺ አባዬ» ብዬ ጉርሻዬን ቀጠልኩ።