ባቄላዋ ከባልዲው አጠገብ

ከመካነ ሰላም ብዙም በማይርቅ መንደር፣ በአንድ ገበሬ ግቢ በርጩማ ላይ ተቀምጬ "ከቤተሰቡ ተምሮ ሥራ ያገኘ አለ?" ብዬ እየጠየቅሁ ሳለ ነው የያዙኝ። ሁለት ፖሊሶች ገቡ፤ እንደ ወጉ ሰላምታ ሰጡ፤ ከዚያ "ተነስ" አሉኝ። ባለቤቱ ሽማግሌ ቀድመውኝ ተነሡ።

"ምን አጠፋ? እንግዳዬ እኮ ነው" አሉ።

"እንግዲያው እርስዎም አብረው ይምጡ" አላቸው አንደኛው።

ጋቢያቸውን ደርበው ተከተሉን። ያቀረቡልኝ ጠላ ሳይነካ ቀረ።

የገባንባት የእስር ክፍል ጠባብ ነበረች፤ ሌሎች እስረኞችም ነበሩባት። ግድግዳዋ እስከ ወገብ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ጭቃው ይታያል። በትንሿ መስኮት ጠዋት ጠዋት ፀሐይና የባሕር ዛፍ ሽታ ይገባል። በሩ አጠገብ ሌሊት የምንሸናበት ባልዲ አለ። ስለ ባልዲው ባላነሣ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ያለ እሱ ይህን ማውራት አልችልም።

እኔ የስታቲስቲክስ መምህር ነኝ። ጥናቴ የአካባቢው ልጆች ከተማሩ በኋላ ሥራ ያገኙ እንደሆነ፣ ደግሞም ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሊያይ ወይም አምባ መቅደላ ሊወጣ የሚመጣው እንግዳ ለመንደሩ ሰው እንጀራ ሆኖት እንደሆነ ነበር። ሁሉንም ቤት ማዳረስ ስለማይቻል የቤቶቹን ቁጥር ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቼ ዕጣ አወጣሁ። ዕጣ የወጣለትን ቤት አንኳኳሁ። ወቅቱ ግን ሰው ሰውን በጥርጣሬ የሚያይበት ነበርና፣ ከቤት ቤት እየዞረ የሚጠይቅ ሰው ደግ ስም አልነበረውም።

መርማሪው ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር።

"ሦስት ቤት ተከታትሎ" አለኝ። "ሦስቱም ዓረብ አገር ልጅ ያላቸው። ከውጭ ብር የሚመጣላቸው። ይሄ ዕጣ ነው?"

"በዚያ መንደር ዓረብ አገር ልጅ የሌለው ቤት ካለ ያሳዩኝ" አልኩት።

"አትፈላሰፍብኝ። ስማቸውን የሰጠህ ሽማግሌው ነው።"

አስረድቼ አስረድቼ ደከመኝ። ተማሪዎቼ እንኳን ይህን ትምህርት ሲሰሙ ያዛጋሉ፤ መርማሪው አላዛጋም፣ ግን አላመነኝም። ሰው ያለ ምክንያት ሰውን ይመርጣል የሚለው ነገር ሊዋጥለት አልቻለም።

ሽማግሌው አብረውኝ ታስረው አንድም ቀን አልወቀሱኝም። እኔ ግን ፊታቸውን ባየሁ ቁጥር አፍር ነበር። አንድ ቀን በመስኮቷ ፀሐይ እግራቸውን እያሞቁ የሚያስጨንቃቸውን ነገሩኝ። ሴት ልጃቸው ከሳዑዲ እየመጣች ነው። ስትሄድ ገና የትምህርት ቤት ልጅ ነበረች፤ ዓመታት አልፈዋል። በዚህ ሳምንት እገባለሁ ብላ ደውላለች።

"መታሰሬ ግድ የለኝም መምህር" አሉኝ። "ግን ከመኪና ስትወርድ ቆሜ ካላገኘችኝ ሞቷል ነው የምትለው። ለሩቅ ሰው መርዶ እንደሚደበቅ ታውቀዋለህ። ታስሯል ቢሏት አታምንም። ደረቷን እየመታች ነው አገሯ የምትገባው።"

እግራቸውን ወደ ፀሐይዋ አስጠጉ።

የክፍላችን ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። መኝታ የሚደለደለው በየቀኑ፣ ከምሳ በኋላ፣ እንደ ቅርጫ ሥጋ በዕጣ ነበር። እያንዳንዱ ሰው ምልክቱን ያዋጣል። የእኔ የሸሚዝ ቁልፍ ነው፤ ከከላላ ከተማ የመጣው ነጋዴ የተምር ፍሬ፣ ሽማግሌው ደግሞ ከኪሳቸው የተገኘች ባቄላ። የማን እንደሆነ የማያውቅ ጠባቂ ምልክቶቹን ተቀብሎ በየመኝታው ላይ አንድ አንድ ይጥላል። ጥሩው ቦታ ከመስኮቷ ሥር ነው። መጥፎው ከባልዲው አጠገብ።

ያቺ ባቄላ ከባልዲው አልላቀቅ አለች። ጠባቂው ይቀያየራል፤ ባቄላዋ ግን ዛሬም እዚያ፣ ነገም እዚያ። ቦታ ልንለውጣቸው ብንለምናቸው እምቢ አሉ።

"ዕጣ ዕጣ ነው" አሉ የአንገት ማተባቸውን እየነካኩ። "ወላሂ ባልዲው ወዶኛል።"

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እስር ቤት ውስጥ እንደዚያ ይሳቃል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የከላላው ነጋዴ ዕንባው እስኪወርድ ስቆ "አልሐምዱሊላህ" እያለ ዓይኑን ጠረገ።

አንድ ቀን ዕጣው ሊጣል ሲል መርማሪው በበሩ አለፈ። ጠራሁት። ለምን እንደደፈርኩ አላውቅም።

"እባክዎ ዛሬ እርስዎ ይጣሉልን" አልኩት።

ጠባቂው ምልክቶቹን ሰጠው። መርማሪው የማንነታቸውን ሳይጠይቅ፣ ቸኮል ብሎ፣ በየመኝታው ላይ ጣላቸው። የተምሩ ፍሬ ከመስኮቷ ሥር ወደቀ። ባቄላዋን ከባልዲው አጠገብ አስቀመጣት።

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። መርማሪው ግራ ገብቶት አየን። ሽማግሌው ተነሥተው ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ እጅ ነሡት።

"ጌታዬ፣ ይቺ ባቄላ የእኔ ናት" አሉት። "ስሜን ማን ነገረዎት?"

አልሳቀም። ባቄላዋን አይቶ፣ ሽማግሌውን አይቶ፣ እኔን አየኝ። ከዚያ ወጣ።

በማግስቱ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የተጻፈ ወረቀት ነበር።

"ገብቶኛል" አለ ቀስ ብሎ። "ግን ከበላዬ ሰው አለ። ዕጣ ነው ብዬ መዝገብ አልዘጋም። ይህን ፈርምና ነገ ቤትህ ግባ።"

አነበብኩት። ሽማግሌውን ከቀድሞ ጀምሮ እንደማውቃቸውና የሦስቱን ቤት ስም የሰጡኝ እሳቸው እንደሆኑ ይላል። ቤቴ ናፍቆኝ ነበር፤ አልዋሽም። ሚስቴ በየቀኑ ስንቅ ይዛ በር ላይ ቆማ እንደምትውል አውቃለሁ። የልጅቱም መኪና የት እንደደረሰ አላውቅም።

እስክሪብቶውን ተቀበልኩት። ጽሑፉን በሙሉ በአንድ መሥመር ሰረዝኩትና ከሥሩ በራሴ እጅ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "እኚህን አባት በቅጡ ያወቅኋቸው እዚህ እስር ቤት ውስጥ ነው። ጥሩ ሰው ናቸው።" ፈረምኩበት።

መርማሪው ብዙ ጊዜ ወስዶ አነበበው። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

"ሂድ፣ ግባ" አለኝ።

ጠዋት ሽማግሌውን ጠሯቸው፤ እኔን አልጠሩኝም። በር ላይ ሲደርሱ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ። "የሚወጣላችሁ ዕጣ ሁሉ ቀላል ይሁንላችሁ" ብለው መረቁን። ክርስቲያኑም እስላሙም "አሚን" አልን። እኔ ከዚያ በኋላም ሰነበትኩ። በምን እንደታሰርኩ ሳይነገረኝ፣ በምን እንደተፈታሁም ሳይነገረኝ ወጣሁ። እነዚያን የቀሩኝን ቀናት ሳስታውሳቸው ግን አይከብዱኝም። እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ጥናቱን ጨርሻለሁ። የሳቸው ቤት ግን አልገባበትም፤ ጥያቄዬን ይዤ ተመልሼ መሄድ አልፈለግሁም። አሁን ዕጣ የማወጣው በአደባባይ ነው፤ ነዋሪው ተሰብስቦ እያየ፣ ምልክቱን ራሱ እያዋጣ። ዕጣ ያልወጣላቸው እናቶች ይቀየሙኛል። "የእኔም ልጅ ተመርቆ ቁጭ ብሏል፤ ምነው ዘለልከኝ?" ይሉኛል። ደስ ይለኛል፣ ያሳዝነኛልም።

ወደ ሽማግሌው ቤት የሄድኩት ለፋሲካ ነው፤ እንደ እንግዳ። ልጅቱ አሁን ጎብኚዎችን ለሚያደርሱ በቅሎዎች ተራ የምታስይዝ ሆናለች፤ ድምፅዋ ግቢውን ሞልቶታል። የመጣች ቀን አባቷ ከማለዳ ጀምረው መኪናው ማቆሚያ ላይ ሲጠብቋት እንደዋሉ እየሳቀች አጫወተችኝ።

"ከስተው ነበር" አለች። "ናፍቆት ነው አሉኝ።"

ሽማግሌውን አየኋቸው። ዓይናቸውን ከጠላ ዋንጫው ላይ አላነሡም። አልነገሯትም። መንደሩም ያን ሁሉ ጊዜ አብሯቸው ዝም ብሏል።

"ለመሆኑ አባቴን ከየት ነው የምታውቋቸው?" አለችኝ።

መልስ ሳፈላልግ እሳቸው ቀደሙኝ።

"ቤታችን ዕጣ ወጥቶለት መጣ" አሉ። "በይ ቅጂለት፤ ያኔ ሳይጠጣ ነው የሄደው።"