የማላውቀውን ቅጠል ይዤ ሦስት ከተማ

ሐሙስ ጠዋት፣ ፉሪ

ከቤት የወጣሁት አንድ ቅርንጫፍ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ጋዜጣውን ፌስታል ውስጥ ከትቼ ነው። ዓላማዬ የቅርንጫፉን ስም ማወቅ ነበር። ይህ ዓላማ ለሰባ ሦስት ዓመት ሽማግሌ አይመጥንም ካላችሁ፣ ምክንያቱን ስትሰሙ ደግሞ ይብስባችኋል።

ባለፈው ክረምት ከአጥሬ ሥር አንድ ተክል በራሱ ጊዜ በቀለ። እኔ አልተከልኩትም፤ ወፍ ያምጣው ጎርፍ አላውቅም። ቅጠሉ ወፈር ያለ ነው፤ አጥሩን እየተደገፈ ወደ ላይ ይሳባል። ጎረቤቴ ታደሉ በአጥሩ ብቅ ብላ "ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?" ስትለኝ "አላውቀውም" ማለት ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። ስም ያልተጻፈበት ነገር ሳይ እጄን ያሳክከኛል። "ዳማ ከሴ ነው፤ የተራራው ዓይነት" አልኳት። የተራራ ዳማ ከሴ የሚባል ነገር መኖሩን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኔም ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ታደሉ ቅርንጫፍ ቆርጣ ወስዳ ግቢዋ ተከለች። ጸደቀላት። ረቡዕ ዕለት መጣችና፣ "ሰናይትን ምች መትቷታል፤ ከንፈሯ ሁሉ ቆስሏል። ያንን ቅጠል ጨምቄ ላጠጣት ነው" አለችኝ። ሰናይት የልጇ ሚስት ናት። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

እዚህ ላይ እውነቱን የምናገር ሰው ብሆን ኖሮ ጉዞም ማስታወሻም አይኖርም ነበር።

"ዛሬ አይሆንም" አልኳት። "የተራራው ዓይነት ቅዳሜ ጠዋት ካልተቆረጠ ኃይል የለውም።"

"ምች ቅዳሜን ይጠብቃል እንዴ ጋሼ?"

"ይጠብቃል።"

በዚህ ዓይነት ሁለት ቀን አገኘሁ። ልጄ ስልኬ ላይ የከፈተልኝ የጓሮ አትክልተኞች የቴሌግራም ቡድን አለ፤ ማንም የማያውቀውን ተክል ፎቶ ያነሳና ይለጥፋል፣ ሌላው ስሙን ይነግረዋል። እኔም አንስቼ "ዳማ ከሴ ነው ተብያለሁ፤ እውነት ነው?" ብዬ ለጠፍኩ። አውራ ጣቴ ከነጥፍሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ ቅጠሉ ከኋላ ደብዝዟል። አምስት ሰዎች አምስት ስም ሰጡት። አንዱ "ጥፍርዎን ይቆረጡ" ብሎ ጻፈ። ሌሎች ሦስት ግን ደግ ሰዎች ናቸው፤ "ቅጠል በፎቶ አይታወቅም፣ ይዘውት ይምጡ" አሉኝ። አንዷ ሰበታ፣ አንዱ ቡራዩ፣ አንዷ ሱሉልታ ናቸው። ካርታ ላይ ሲታይ አዲስ አበባን እንደ መቀነት መዞር ነው።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት፣ ሰበታ

ከፉሪ ዓለም ገና በባጃጅ፣ ከዓለም ገና ሰበታ በሚኒባስ። ረዳቱ ፌስታሌን አይቶ "ፋዘር፣ ጎመን ነው?" አለኝ። "ባውቀው ኖሮ እዚህ ምን አደርጋለሁ?" አልኩት። ሂሳብ ሲሰበስብ እኔን ዘለለኝ፤ ያዘነልኝ ይመስለኛል። ጭነት የያዙ ከባድ መኪናዎች መንገዱን ሞልተውታል፤ ጥቅምት ገብቶ ጭቃው ወደ አቧራ ተለውጧል። ከፋብሪካ አጥር ወደ ፋብሪካ አጥር ስንሄድ፣ በመሃል በመሃሉ ሊታጨድ የደረሰ የጤፍ ማሳ ብቅ ይላል።

አስቴር ችግኝ የምትሸጠው በአስፋልቱና በቦዩ መካከል ባለች ቀጭን መሬት ላይ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። በጥቁር ላስቲክ የተደረደሩ ጽጌረዳዎች፣ አቮካዶዎች፣ የሎሚ ችግኞች አሉ። የአቮካዶው ዋጋ መቶ ሃምሳ፣ ለተከራከረ መቶ ሃያ። ፌስታሉን ስፈታ እጄን አየችና ሳቀች።

"ያ አውራ ጣት እርስዎ ነዎት አባባ?"

"እኔ ነኝ።"

"ዳማ ከሴ ነው ያለው ማን ነው?"

"አንድ የማውቀው ሰው።"

"ኧረ ይሄ ሰውዬ ሼም የለውም እንዴ!"

"ብዙም የለውም" አልኳት።

ከችግኞቿ መሃል እውነተኛ ዳማ ከሴ አወጣች። ቅጠሉን አሽታ አፍንጫዬ ሥር አደረገችው፤ ሽታው እስከ ግንባሬ ወጣ። የኔን አሸችው፤ እርጥብ ሣር እንጂ ሌላ ሽታ የለውም። "ግንዱን ይዳስሱት" አለችኝ። የዳማ ከሴ ግንድ አራት ማዕዘን ነው፣ ቅጠሎቹም ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ። የኔው ግንድ ድብልብል፣ ቅጠሉም አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ። አንድም ነገር አይገናኝም። ዓይነ ስውር እንኳ በእጁ ይለየዋል። እኔ መነጽር አለኝ።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"እሱን አላውቅም" አለች አስቴር።

እንዲሁ በቀላሉ አለችው፣ የሎሚ ችግኝ ዋጋ እንደሚነገር። አጠገባችን የቆመችው ገዢ ይህን ሰምታ አልሄደችም፤ እንዲያውም ሁለት ጽጌረዳ ገዛች። ይህን በማስታወሻዬ ጻፍኩትና ትርጉሙን ለሌላ ቀን አቆየሁት።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቡራዩ

አየር ጤና ላይ ሽሮ በላሁ፤ በጦር ኃይሎችና በአስኮ አድርጌ ቡራዩ ደረስኩ። ከከተማው ወጥቶ ወደ ገፈርሳ ሲኬድ ባሕር ዛፉ ይበዛል፤ ውኃው በግንዶቹ መካከል ያብለጨልጫል። ኦቦ ፈይሳ የሚኖሩት ከዚያ በላይ ነው። በእኔ ዕድሜ ያሉ ገበሬ ናቸው፤ ጌሾና ጎመን ያለማሉ፣ ስድስት የንብ ቀፎ አላቸው። ቡድኑ ውስጥ አይጽፉም፤ ድምፅ ይልካሉ። ከድምፃቸው ኋላ ሁልጊዜ አንዲት ላም ስታገሳ ይሰማል። ላሟን በአካል ሳገኛት የቆየ ወዳጅ ያገኘሁ መሰለኝ።

"አካም ጂርቱ!" አሉኝ ከአጥራቸው ወጥተው። የፉሪ ሰው ነኝና ሰላምታውን በዚያው በኦሮምኛ መለስኩ። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አለቀብኝ። ኦቦ ፈይሳ በትህትና ወደ አማርኛ ዞሩልኝ።

ቅንጬ በቅቤ ቀረበ። ከበላን በኋላ ቅርንጫፉን ሰጠኋቸው። ወዲያ ወዲህ አገላበጡት፣ ቅጠሉን ከጀርባው አዩት።

"ያውቁታል?"

"አሳምሬ።"

"ምን ይባላል?"

"እሱን አልነግርዎትም።"

የቀለዱ መሰለኝ። አልቀለዱም። ከዚህ ተክል ሥር ለከብትም ለሰውም የሚሆን መድኃኒት ከአባታቸው ተቀብለዋል፤ ሲቀበሉም ስሙን ለባዳ እንዳይናገሩ ምለዋል። ስሙ በየአፉ ከዞረ መድኃኒቱ ይረክሳል። እኔ ለማላውቀው ነገር ስም ፈጥሬ እሰጣለሁ፤ እሳቸው የሚያውቁትን አይናገሩም። አንድ ገበታ ቀርበን ቅንጬ መብላታችን ራሱ የሚገርም ነው።

"ለማን ፈልገውት ነው?" አሉኝ።

"ለአንዲት ምች ለመታት ልጅ። ነፍሰ ጡር ናት።"

ኦቦ ፈይሳ ቅርንጫፉን መሬት ላይ አኖሩት። እጃቸውን በሣር ጠረጉ።

"ለእሷ ሚቲ! አይሆንም። ስሙን አልናገርም እንጂ ይህን ማለት አልተከለከልኩም። በሆዷ ያለውን ያስወጣል። ነግረዋታል?"

"እስከ ቅዳሜ አትነካውም።"

"የጠየቅኩዎት እሱን አይደለም።"

ቅርንጫፌን መልሼ ጠቅልዬ፣ መንገድ ዳር ወጥቼ ለታደሉ ደወልኩ። እውነቱን ልናገር ነበር የደወልኩት። እሷ ግን ቀደመችኝ፦ "ጋሼ፣ እግዜር ይስጥዎ! ለዕድር ሴቶች ብነግራቸው እኮ አስካለና የሺም ቅርንጫፍ ወሰዱ! ጋሼ ባይነግሩን ኖሮ ይሄኔ አረም ነው ብለን ነቅለነው ነበር።" አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን "ውኃ አታብዙበት" የሚል ምክር ነበር። ስልኩን ዘጋሁ። አስኮ እህቴ ቤት አደርኩ፤ እራቴን ለምን እንደተውኩ አልነገርኳትም።

አርብ ጠዋት፣ ሱሉልታ

ከአዲሱ ገበያ የተነሳው ሚኒባስ ዳገቱን ሲጨርስ ብርዱ በመስኮት ገባ። ከታች የሱሉልታ ሜዳ ተዘረጋ፦ ሣሩ ታጭዶ ድርቆሹ ተከምሯል፣ ዝቅ ባለው ቦታ የክረምቱ ውኃ ገና አልደረቀም። ወደ ጫንጮ የሚያልፉ መኪናዎች ይፈጥናሉ። በየበሩ የወተት ዕቃ ተቀምጧል። ጾም ስለነበር የሱሉልታን ወተት በዓይኔ ብቻ አየሁት።

ወይዘሮ ብርሃኔ የእህል መደብር አላቸው። ከጎንደር ከመጡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከገበሬው ጋር ስለ ባቄላ ዋጋ የሚከራከሩት ግን በኦሮምኛ ነው፤ ያሸንፋሉም። ከመደብሩ ጀርባ ያለው ጓሯቸው ከመደብሩ ይበልጣል። ፌስታሌን ተቀበሉኝ፣ ጋዜጣውን ፈቱ፣ ሳያሸቱ ሳይዳስሱ ሳቁ።

"እርስዎ የትኛው አገር ነው ያደጉት?"

"እዚሁ፣ አዲስ አበባ።"

ከመደርደሪያ ላይ ቆርቆሮ አወረዱ። ውስጡ የደረቁ ጥቋቁር ፍሬዎች አሉ። ጥቂቱን በሙቀጫ ወቅጠው ሳፋ ውኃ ውስጥ ጨመሩና በእጃቸው መቱት። አረፋው ነጭ ሆኖ ከሳፋው አፍ በላይ ተነሳ።

እንዶድ! እናቴ ነጠላና ጋቢዬን ያጠበችበት እንዶድ። ፍሬውን ከገበያ በጣሳ ስንገዛ ነው ያደግኩት። ቅጠል እንዳለው፣ ከአጥር ሥር እንደሚበቅል አስቤ አላውቅም። ሰባ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዶድን የማውቀው ደርቆ ነው።

"ነፍሰ ጡር አጠገቡ አትደርስም" አሉ ወይዘሮ ብርሃኔ። "ስንት ሴት ጎድቷል። ለመሆኑ ልጅቷ ያለችው የት ነው?"

"ጎረቤቴ ናት።"

"ስልክ የላትም?"

"አላት።"

"እርስዎስ?"

"አለኝ።"

እጃቸው ከነአረፋው ሳፋው ላይ ቆመ። "እና ሦስት ከተማ የዞሩት ለምንድን ነው? ልጅቷን ለማትረፍ 'አላውቀውም፣ አትጠጪው' ይበቃ ነበር እኮ። ስሙን የፈለጉት ለራስዎ ነው።"

ሁለት ቀን ሙሉ ከተሳፈርኩባቸው ሚኒባሶች አንዱም እዚህ እውነት ላይ አላደረሰኝም ነበር። ወዲያው ደወልኩ። ጠራ፣ አልተነሳም። ደገምኩ። ሠለስኩ። "ቅዳሜ ነገ ነው" አልኩ። "ሂዱ!" አሉኝ ወይዘሮ ብርሃኔ።

አርብ አስር ሰዓት፣ ፉሪ

የመልሱን መንገድ በዝርዝር አልጽፍም፤ አላየሁትም። ቀለበት መንገዱ ላይ የቆምነውን ርዝመት፣ ከዓለም ገና ባጃጅ ያጣሁበትን ሰዓት ብቻ አስታውሳለሁ። ታደሉ ቤት በሩ ገርበብ ብሏል። ሳላንኳኳ ገባሁ።

ሰናይት ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ታደሉ ከፊቷ ቆማ ብርጭቆ ይዛለች። አረንጓዴ ነው።

"አላውቀውም!" አልኩ። እንዴት ዋላችሁ አላልኩም። "ዳማ ከሴ አይደለም! እኔ ነኝ የፈጠርኩት! እንዶድ ነው!"

ብርጭቆው ከታደሉ እጅ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። "ነገ ማኅበር አለብኝ፤ ዛሬ ላድርሰው ብዬ ነው" አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ወደ ምራቷ ዞረች፦ "ጠጥተሻል?"

"ኧረ እኔ እቴ" አለች ሰናይት። "ከሰዓት ጀምሮ ቆይ ቆይ እያልኩሽ ነው። እንዳይከፋሽ ፈርቼ እንጂ ሐኪሟ ያላዘዘችውን እንዳልጠጣ ነግራኛለች።" ብርጭቆውን አንስታ ይዛ ወጣችና ቦይ ውስጥ ደፋችው። ስትመለስ እጇን ሁለቴ በሳሙና ታጠበች። ያኔ ነው እኔም ወንበር ሳልባል የተቀመጥኩት።

ታደሉ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዋን አነሳች። "ይነሱ ጋሼ። አስካለ ቤት፣ ከዚያ የሺ ቤት። እኔ አልነግርልዎትም፤ በራስዎ አፍ ይነግሯቸዋል።"

አስካለ ቤት ቃሉን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ነው የጨረስኩት። የሺ ቤት ቀለለኝ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይኸው ነው፤ "አላውቅም" የምትለው ቃል ከፉሪ ሱሉልታ ድረስ የምትርቀኝ የመጀመሪያውን ጊዜ ብቻ ነው። ትምህርቱ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ።

የሺ ግን ቅርንጫፉን ነቅላ ስትመለስ በሩ ላይ ቆመች፣ አሰበች፣ "ቆይ እንጂ" አለች። "ለዶሮዎቼ ስጪ ያሉኝ ቅጠልስ?" አብራን የመጣችው አስካለም ተከተለች፦ "ከቤተክርስቲያኑ በታች ያለው ዛፍስ? ዝግባ ነው አላሉንም?" ታደሉም የራሷን አመጣች። ወንበር ወጣልኝ። እስኪመሽ ድረስ ባለፉት ዓመታት ለሰፈሩ የነገርኩትን አንድ በአንድ ቆጠርን፦ ሰባት ሆነ። አምስቱን እዚያው፣ በሦስት ሴቶች ፊት፣ አላውቅም አልኩ። በሁለቱ ግን ጸናሁ፤ እርግጠኛ ነበርኩ።

ከሁለቱ አንዱን ሰኞ ዕለት ቅጠሉን ይዤ ሰበታ ወርጄ አስቴርን ጠየቅኳት። እሱም አይደለም አለችኝ።